አውራ ጣት ምን ያውቃል?

አንድ ወዳጄ ድንኳን ይዞ ጫካ ማደር ጀምሯል። ድንኳኑ ተገዛ፣ ፍራሹ ተገዛ፣ ግንባር ላይ የምትታሰረዋ መብራት ሳትቀር ተገዛች። መጥረቢያ ቀረ። «አንተ ትንሽ ትንሽ ታውቃለህ አይደል፣ አብረን እንይ» አለኝ። «ትንሽ ትንሽ» የምትለዋን ዋጥ አድርጌ አብሬው ሄድኩ።

ገና ከመግባታችን አንዷን አነሳ። አውራ ጣቱን ስለቷ ላይ አሳለፈ። ዓይኑን ጠበብ፣ አንገቱን ዘንበል አደረገ። «በቃ፣ ይቺ ናት» አለ። በቃ! ለካ እኔ የተጠራሁት ለአጃቢነት ነው።

ጠባዩ የሱ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ግን ልብ ብላችሁ እዩ። እንጨት ፈልጦ የማያውቅ ሰው እንኳ መጥረቢያ ስትሰጡት መጀመሪያ አውራ ጣቱን ይልካል። ከዚያ ነገሩ በጣም የገባው ሰው ፊት ያሳያችኋል። ምን እንደገባው ብትጠይቁት «ስል ናት» ከማለት አያልፍም። መጥረቢያ ላይ ካለው ነገር ሁሉ በቀላሉ የሚስተካከለው እኮ ስለቱ ነው። ደንዞ ቢመጣ በሞረድና በመሳያ ድንጋይ ይሳላል። ስል ሆኖ ቢመጣም ሲሠሩበት ይደንዛል፣ መልሶ ይሳላል። ጠማማ የገባን ብረት ግን በሞረድ አታቀኑትም። የእንጨቱ መስመር የተበላሸ ዛቢያም (እጀታውን ማለቴ ነው) በመሳያ ድንጋይ አይድንም። እኛ የሚታረመውን አጥብቀን ስንመረምር ቆይተን፣ የማይታረመውን ሳናይ ከፍለን እንወጣለን።

«እስቲ ገልብጣትና ዛቢያዋን ከታች እያት» አልኩት።

«ከታች ምን አለ?»

ከታች የእንጨቱ መስመሮች አሉ። ጫፉ ላይ በግልጽ ይታያሉ። ስለቱ በተዘረጋበት አቅጣጫ፣ ከፊት ወደ ኋላ ከሄዱ ጥሩ ነው። አግድም ካቋረጡት ግን ዛቢያው አንድ ቀን በምት መሀል ጉድ ይሠራችኋል። ከዚያ ጎኑን ታያላችሁ። መስመሩ ከላይ እስከ ታች ዛቢያውን ተከትሎ ከወረደ ደግ። መሀል ላይ በጎን ሾልኮ ከወጣ የሚሰበረው እዚያችው ላይ ነው። «ሂኮሪ ነው፣ አይሰበርም» የሚሏችሁ ይኖራሉ። ሂኮሪ ምት በመቻል የታወቀ እንጨት ነው፣ እውነት ነው። መስመሩ የተዛባ ሂኮሪ ግን ያው ይሰበራል፤ ምናልባት ትንሽ ተከብሮ ይሰበራል።

ቀጥሎ ስለቱን ወደ ላይ አድርጎ ከዛቢያው ጫፍ በአንድ ዓይን መመልከት ነው። ስለቱና ዛቢያው አንድ መስመር ላይ ካልዋሉ ወደ መደርደሪያው መልሱት። አናቱንም ማየት ነው። ዛቢያው የብረቱን ቀዳዳ ሞልቶ፣ ሽብልቁ (ዛቢያውን ለማጥበቅ አናቱ ላይ የሚገባው ቁራጭ) ጠብቆ፣ ክፍተት ሳይታይ መግባት አለበት። ወዳጄ ይሄን ሁሉ በትዕግሥት ሰማ። ሰማና «ዛቢያዋ ግን ስታበራ ደስ ትላለች» አለ። የሚያበራው ቫርኒሽ ነው። ላብ ሲነካው ያንሸራትታል፣ መዳፍን ውሃ ያስቋጥራል። ብዙ የሚሠሩበት ሰዎች ገዝተው ቤት እንደገቡ መጀመሪያ ፍቀው የሚያነሱት እሱኑ ነው።

ከዚያ የማይቀረው ጥያቄ መጣ። «የማን ሥራ ናት?»

የስም ነገር ከተነሳ፣ በስዊድኑ መጥረቢያ ሠሪ ድርጅት በግሬንስፎሽ ብሩክ መጥረቢያውን የቀጠቀጠው አንጥረኛ የስሙን መነሻ ፊደላት ብረቱ ላይ ያትማል። ይሄ ደስ ይለኛል። ሥራው የማን እንደሆነ ይታወቃል፣ ሰውየው መደበቂያ የለውም። (ይሄ ልማድ ስብሰባ ላይ ለሚወሰኑ ነገሮችም ቢሠራ እንዴት በወደድኩ።) ኢስትዊንግ የሚባለው ሌላው ሠሪ ደግሞ ብረቱንና እጀታውን አንድ ወጥ አድርጎ ይቀጠቅጣል። የሚላላም የሚወልቅም ነገር የለም፤ በምትኩ የምቱ ንዝረት ከእንጨት ዛቢያ ይልቅ እጅ ላይ ይሰማል። ፊስካርስ ታሪኩን ከ1649 እ.ኤ.አ. ይቆጥራል፣ አገሩ ፊንላንድ ነው። ይሄን ሁሉ ማወቅ አይከፋም። የሚያናድደኝ ስሙን ሰምቶ ዓይኑን የሚጨፍነው ሰው ነው። ስም ያላትን መጥረቢያ ገዝቶ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለውንማ ተዉት። አንዳንዴ ያወርዳትና ትከሻው ላይ አድርጎ ፎቶ ይነሳል። ከኋላው አንዲት ፍልጥ እንኳ አትታይም።

ወዳጄ በመጨረሻ ትንሿን የእጅ መጥረቢያ ያዘ። ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር የምትረዝመዋን ማለቴ ነው፤ ብረቷ ግማሽ ኪሎ ወይ ትንሽ በለጥ ይላል። «ትንሽ ስለሆነች አታሰጋም» አለኝ። እዚህ ላይ ነው ድምፄን ከፍ ያደረግኩት። ትንሿ ናት የምታሰጋው! 90 ሳንቲ ሜትር የሚደርሰው ትልቁ ምሳር እንጨቱን ቢስት አብዛኛውን ጊዜ እናንተ ጋ ሳይደርስ መሬት ያገኛል። አጭሯ ስትስት ግን መንገዷ ወደ ጉልበታችሁና ወደ ቅልጥማችሁ ነው። ለዚህ ነው በትንሿ የሚፈልጥ ሰው ተንበርክኮ፣ እንጨቱን ጉቶ ላይ አቁሞ የሚሠራው። ቆሞ፣ በአንድ እጁ ስልክ ይዞ የሚፈልጥም አይቻለሁ። ስለሱ ምንም አልልም።

«መካከለኛዋን ውሰድ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ» አልኩት። በ1991 እ.ኤ.አ. በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ ከ5000 ዓመት በፊት የሞተ ሰው ተገኝቷል። ኦትዚ ይሉታል። መጥረቢያው አብሮት ነበር። ብረቷ መዳብ ነው፣ ዛቢያዋ ደግሞ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ልኩ ዛሬም ያው ነው። ሰውየው አማካሪ ይዞ ገበያ እንደወጣ የሚያሳይ ነገር ግን አልተገኘም።

መጥረቢያ ሲነሳ አንድ የምወደው ተረት አለ። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።» ሰዎች ይሄን የሚተርቱት አንገታቸውን ደፍተው፣ ሹመት ስለቀረበት ወይ ገንዘብ ስላለቀበት ሰው ሲያወሩ ነው። እኔ ግን የምወደው ተረቱን የፈጠረው ሰው ሥራውን ስለሚያውቅ ነው። ዛፍ መጣል የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ከወደቀ በኋላ ቅርንጫፉን መመልመል አለ፣ ግንዱን መቆራረጥ አለ፣ መፍለጥ አለ። እውነትም ምሳሩ የሚበዛው ከወደቀ በኋላ ነው። ተረቱ የማይነግራችሁ አንድ ነገር አለ። የወደቀ ዛፍ ላይ ምሳሩም ይጎዳል። ግንዱ መሬት ላይ ስለተኛ የመጨረሻዋ ምት አፈርና ድንጋይ ታገኛለች። ስለቱ ተሸርፎ ጥርስ የሚያወጣው ያኔ ነው። ለዛፉ የሚያዝን ሞልቷል፤ ለምሳሩ አንድ ሰው እንኳ አልተረተም።

ለምሳር ማዘን ካልኩ ዘንድ ጎረቤቴን ማለፍ አልችልም። ዓመታት አልፈዋል፣ አልረሳሁትም። በዕድሜ ይበልጡኛል፣ ስለዚህ እምቢ ማለት አልሆነልኝም። «አንድ ጊዜ ብቻ ናት ልጄ» ብለው መጥረቢያዬን ወሰዱ። ሲመልሱ ስለቱ መጋዝ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ድንጋይ ነክቶት ነበር እንዴ?»

«ኧረ ምን ድንጋይ! ሥር ነው የቆረጥኩበት።»

ሥሩ የት ነበር? መሬት ውስጥ! አፈር ውስጥ የተቀበረ ሥር በመጥረቢያ የሚቆርጥ ሰው አፈሩን ነው የሚቆርጠው። ይሄም ይሁን። ገልብጬ ሳየው ጀርባው ተጨፍልቋል። እንጨት ውስጥ ሲቀረቀርባቸው በመዶሻ መትተውታል ማለት ነው። ይሄ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም። ብረት በብረት ሲመታ ፍንጣሪው ተስፈንጥሮ ዓይን ያጠፋል። ዛቢያው የሚገባበት ቀዳዳም ቅርጹን ሊያጣ ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ምንም ሽብልቅ አያጠብቀውም። ይሄን ልነግራቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። «ትንሽ ስለላላ ውሃ ውስጥ ነክሬልሃለሁ» አሉኝ። ምርቃት የሚጠብቅ ፊት ነበራቸው። ውሃ እንጨቱን ለጊዜው ያሳብጠዋል። ሲደርቅ ይኮማተርና ከበፊቱ የባሰ ይላላል። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው። ምን ልበል?

የሳቸው ልጅ ደግሞ አነቃቂ ንግግር ያደርጋል። መድረክ ላይ ወጥቶ አብርሃም ሊንከንን ይጠቅሳል። «ዛፍ ለመቁረጥ ስድስት ሰዓት ቢሰጠኝ፣ አራቱን መጥረቢያዬን ስስል አሳልፍ ነበር።» ጭብጨባ። ሊንከን ይሄን ለማለቱ ማስረጃ የለም። ሰውየው ግን መጥረቢያ በደንብ ያውቃል። በ1860 እ.ኤ.አ. ስለ ሕይወቱ በጻፈው አጭር ጽሑፍ ገና ልጅ ሳለ መጥረቢያ እጁ ላይ እንደተሰጠው፣ ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላም ከእጁ እንዳልራቀ ይናገራል። እንዲህ ያለ ሰው አራት ሰዓት ስስል እውላለሁ የሚል አይመስለኝም። አራት ሰዓት በሞረድ ብትፍቁት እኮ የሚተርፈው ዛቢያው ነው! የደነዘ መጥረቢያ ለሃያ ደቂቃ ያህል በሞረድ፣ ከዚያ በድንጋይ ትንሽ ለስለስ ቢደረግ ይበቃዋል። በሚሽከረከር የኤሌክትሪክ ድንጋይ ለመቸኮል የሚፈልግ ካለ ብረቱን እንዳያግል። ጫፉ ሰማያዊ ከመሰለ ጥንካሬው ሄዷል። እና ይሄን ጥቅስ የሚያስጨበጭበው ልጅ፣ የአባቱን እጅ አይቶ አንድ ቀን ሞረድ ይዞልኝ አልመጣም።

ወዳጄን ሱቅ ውስጥ አቁሜው ራቅሁ መሰለኝ። ገዛ፣ አትጨነቁ። መካከለኛዋን ገዛ፣ መስመሯ ቀጥ ያለውን። ስንከፍልም አውራ ጣቱን አንድ ሁለቴ ልኳል፣ ትቼዋለሁ። አፎት እንዳላት አየሁ፣ እሱ ጥሩ ነው። ቫርኒሹን ፍቆ የተልባ ዘይት እንዲቀባት ነገርኩት። ስስ አድርጎ፣ እየደረቀ፣ ደጋግሞ። አንድ ነገር ግን ሳልነግረው ተለያየን፣ ስለዚህ እዚህ ይነበብልኝ። ዘይቱ የነካውን ጨርቅ ጠቅልለህ ጥግ ላይ እንዳትጥል። ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ማንም ሳይለኩሰው ሊነድ ይችላል። ውጭ ዘርግተህ አድርቀው። ይሄንን ሊንከን ተናግሮታል ብዬ መፈረም ነበረብኝ፣ ያኔ ትሰማኝ ነበር።