ቦርዱማ አለ፤ ውሃውስ?

ሰሞኑን በከተማችን ስለ ውሃ ታሪፍ ጭማሪ ስብሰባ ተጠርተን ነበር። ውሃ የሚመጣልን በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ያውም ሌሊት ነው። አንዲት እናት ተነስተው "ቆጣሪው አየር እየቆጠረ እኛ እንከፍላለን" አሉ። መድረክ ላይ የነበሩት ኃላፊ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "የውሃ አገልግሎቱ እኮ የራሱ ቦርድ አለው። የምትመሩት እናንተው ናችሁ። የምታማርሩት ራሳችሁን ነው።"

እኛው! እስቲ ይህን "እኛ" እንየው። ሰብሳቢው ከንቲባው ናቸው። አባላቱ የጤና፣ የፋይናንስና የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ ሁሉም የከንቲባው የበታች። ጸሐፊው ራሱ ሥራ አስኪያጁ ነው። ነዋሪውን ወክለዋል የተባሉ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ማን እንደመረጣቸው የሚያውቅ ጎረቤት ግን አላገኘሁም። ከንቲባው በሰብሳቢነት ይወስናሉ፣ በከንቲባነት ያጸድቃሉ፣ ሕዝብ ሲቆጣ ደግሞ "ቦርዱ ነው" ይላሉ። ቦርዱ ሥራ አስኪያጅ አይቀጥርም፣ አያባርርም። ፓምፕ ሲቃጠል ከቢል የተሰበሰበውን ብር እንኳ ማዘዝ አይችልም፤ ደብዳቤ ይጽፋል። ሲጨክን የሚችለው አንድ ነገር ነው፦ ታሪፍ መጨመር።

ደግሞ የ1991ዱን የውሃ ሀብት ፖሊሲ ይጠቅሱልናል። የከተማ ውሃ ወጪውን ራሱ ይሸፍን ይላል። ይሸፍን! ግን "ራስህን ቻል" የተባለ ልጅ ደመወዙን አባቱ እየተቀበለበት እንዴት ብሎ ነው ራሱን የሚችለው?

ድንበሩም ሌላ ጣጣ ነው። ሐረርን እዩ። የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅባት ውሃ የተሳበላት ከድሬዳዋ በኩል ነው፤ መስመሩ በመንገዱ ሐረማያንና አወዳይን ያጠጣል። አንድ ቧንቧ፣ ሦስት አስተዳደር። የአዲስ አበባው ለገዳዲም ቢሆን ከከተማዋ ወሰን ውጭ ነው። ለእንዲህ ያለ ውሃ የሚበጀው የቧንቧውን መንገድ ተከትሎ የተቋቋመ፣ ካዝናውም ሥልጣኑም የራሱ የሆነ ድርጅት እንጂ የየከንቲባው ቢሮ ቅጥያ አይደለም።

"ይህ የማይሆን ሕልም ነው" የሚለኝ ካለ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ዘመዶቹን ይጠይቅ። ውሃቸውን የሚያቀርበው እ.ኤ.አ. በ1918 በሜሪላንድ ሕግ የተቋቋመ ኮሚሽን ነው። ሁለት ካውንቲዎችን፣ ማለትም በግዛቱ ሥር ያሉ ሁለት የአካባቢ አስተዳደሮችን ያገለግላል፤ ከየካውንቲው ሦስት ሦስት ኮሚሽነር አለው፤ ቦንድ ሸጦ ይበደራል። በጀቱን የካውንቲ ምክር ቤቶቹ ያዩታል፣ እሱ አይካድም። ሰዉም በቢሉ ያማርራል፣ አውቃለሁ። ግን ቧንቧውን ከፍቶ፣ ቡናውን አፍልቶ ነው የሚያማርረው።

በስብሰባው ማብቂያ እጄን አውጥቼ የቦርዱን ቃለ ጉባኤ ማየት እንችል እንደሆነ ጠየቅኩ። "በጽሑፍ አመልክት" ተባልኩ። ማመልከቻዬን በማግስቱ አስገባሁ። መዝገብ ቤቷ ተቀብላ ጫፉ ላይ "ለቦርድ ሰብሳቢ" ብላ ጻፈችበትና ፎቅ ወደ ከንቲባው ቢሮ ላከችው።