ደሴ መርማሪ ምን ያደርግላታል?

ደሴ ውስጥ ሚስጥሩን ይዞ የሚያድር ሰው ካለ፣ ትናንት ማታ በአውቶቡስ የገባ እንግዳ ነው። እሱም እስከ ነገ ነው። ሌላው ሁሉ ይታወቃል። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን ዕቁብ በልቶ እንደጠፋ፣ ጅዳ ያለችው የማን ልጅ ስንት እንደላከች፣ የላከችው ብር በማን እጅ እንደቀለጠ፣ ቡና ላይ ተበጥሮ ያለቀ ነው። የሰፈራችን ልጅ «የግል መርማሪ ልሆን ነው» ብሎ የተነሳው እንግዲህ በዚህ ከተማ ነው።

ልጁ ቀልደኛ አይደለም። የሕግ ዲግሪ አለው፤ ሥራ የለውም። ሌሊት ሌሊት ስልኩ ላይ ሲያነብ ያድርና ጠዋት ለእኔ ያወርድልኛል።

«ካሊፎርኒያ 6,000 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ» አለኝ አንድ ቀን። እውነቱን ነው። እዚያ የግል መርማሪነት ፈቃድ የሚፈልግ ሰው 18 ዓመት ይሞላዋል፣ አሻራ ይሰጣል፣ ከወንጀል ነፃ መሆኑ በኤፍቢአይ ሳይቀር ይጣራል፣ ከዚያ ፈተና ይቀመጣል። የሕግ ዲግሪ ካለው 4,000 ሰዓት ይበቃዋል። ኒውዮርክ ደግሞ 25 ዓመት ያልሞላህ ዞር በል ትላለች። ሚሲሲፒ በክፍለ ግዛት ደረጃ ፈቃድ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ተነሳና መርምር ነው። እንግሊዞች ጋ ሕጉ በፈረንጆቹ 2001 ወጥቷል። መርማሪዎችን ፈቃድ አውጡ የሚለው ክፍል ግን እስካሁን ሥራ ላይ አልዋለም። ይህን ስሰማ እንግሊዞቹ ዘመዶቻችን መሰሉኝ።

እኔን የያዘኝ 6,000 የሚለው ቁጥር ነው። ጎረቤታችንን እትየን አሰብኳቸው። እትየ በቀን ሦስቴ ቡና ያፈላሉ። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው ተጠጥቶ፣ ዱዓው ተደርጎ፣ ስኒው እስኪታጠብ ባነሰ ቢባል አንድ ሰዓት ይሄዳል። በቀን ሦስት ሰዓት ማለት ነው። በዚህ ሒሳብ 6,000ው ሰዓት በ2,000 ቀን ይሞላል፤ አምስት ዓመት ተኩል ገደማ። እትየ ረከቦት ፊት የተቀመጡት ደግሞ ገና በልጅነታቸው ነው። ካሊፎርኒያ ቢወለዱ ኖሮ ይኼኔ ጡረታቸውን እየበሉ ነበር።

ችግሩ፣ ሰዓቱ ደመወዝ የተከፈለበት ይሁን ይላል ሕጉ። አሠሪም ፈርሞ ያረጋግጥ ይላል። ለእትየ ማን ይፈርምላቸዋል? የቅሬው፣ የዕድራችን ማለቴ ነው፣ ሰብሳቢ እንዳንል፣ እሳቸውም ከሚመረመሩት አንዱ ናቸው።

አሠራራቸውን ላየ ግን ፈተናው አያሰጋቸውም። እትየ አይጠይቁም። መጠየቅ የጀማሪ ሥራ ነው። ዕጣኑን ያጨሳሉ፣ ቆሎውን ያቀርባሉ፣ ጀበናውን እያዘነበሉ «እንዲያው ያቺ ልጅ ምነው ከሳች?» ይላሉ። ለማንም አይደለም፤ ለጀበናው ነው። ከዚያ ዝም። ስኒ ይሞላሉ፣ ስኳር ያማስላሉ፣ ዝም። ቶናው ላይ ሲደረስ ዝምታው የከበደው ሰው ጉሮሮውን ይጠራርጋል። «እኔ እንኳ አላየሁም፣ ሰው ሲል ሰምቼ ነው...» አለቀ። የቀረውን በረካው ያወጣዋል።

አንድ ነገር ግን ይጎድላቸዋል። «ለማንም እንዳይናገሩ» ተብሎ የተነገራቸው ነገር፣ ስኒው ሳይታጠብ ሰኞ ገበያ ይደርሳል። የግል መርማሪ ደንበኛ የሚከፍለው ወሬውን ለማግኘት ብቻ አይደለም፤ ሌላው እንዳይሰማበትም ጭምር ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ ደሴ ላይ ሲሸጥ አይቼ አላውቅም። ልጁም «ገበያ አለው» ያለኝ ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ ሙያው ሲጀመርም ንጹሕ አልነበረም። በፈረንጆቹ 1833 ፓሪስ ላይ የግል ምርመራ ቢሮ በመክፈት ፈር ቀዳጅ የሚባለው ቪዶክ፣ ራሱ እስር ቤት ሲገባ ሲወጣ የኖረ ሰው ነው። ቺካጎ ላይ በ1850 ግድም የመርማሪዎች ድርጅት ያቋቋመው ፒንከርተን በርሜል ሠሪ ነበር። ዛሬ ቢሆን ቪዶክ ገና አሻራው ላይ ይወድቅ ነበር።

የእኛም አያቶች ቢሆኑ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሌባ ሻይ ነበራቸው። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፣ ትምባሆ ያጨሳል፣ ወገቡን በገመድ ታስሮ እየተንገዳገደ ከደጅ ደጅ ይሮጣል። ገብቶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባው ነው። ልጁን ልምድህ ስንት ሰዓት ነው ያለው የለም። አውጫጭኝም ነበር። የአገሩ ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰብና ሌባው እስኪታወቅ ወደ ቤት መግባት የለም። ካልታወቀ ካሣው የሁሉም ዕዳ ነው። እትየ የዚህ ሁሉ ወራሽ ናቸው። ሜዳውን ሳሎን አስገቡት እንጂ።

ልጁ ፈቃድ ሊያወጣ አንድ ቢሮ ሄደ። የትኛው ቢሮ እንደሆነ ይቅር።

«ዘርፉ ምንድን ነው?» አለችው ሠራተኛዋ።

«የግል ምርመራ።»

«ክሊኒክ ነው?»

«አይ። ሰው ነው የምከታተለው።»

«ማንን?»

«ደንበኛ ያዘዘኝን።»

ልጅቷ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳብ አደረገች። «ጥበቃ ከሆነ ከፖሊስ ብቃት ማረጋገጫ አምጣ።»

«ጥበቃ አይደለም።»

«እሺ፣ የሚመለከተው አካል ማረጋገጫ ይስጥህና ና።»

የሚመለከተው አካል ዘንድ ሄደ። «መጀመሪያ ንግድ ፈቃድህን አሳየን» አሉት። ተመለሰ፤ ሲስተም የለም። ሲስተሙ ሲመጣ ልጅቷ ለቅሶ ሄዳለች። በመጨረሻ ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ሠራተኛ አዘኑለት። «ልጄ፣ ለምን ድለላ ብለህ አታወጣም? እነሱም የሰው ጉዳይ ሲከታተሉ ነው የሚውሉት» አሉት።

ቤቱ ሳይደርስ እትየ ሰምተዋል። «አንተዋ፣ ሰላይ ልትሆን ነው አሉ?» ብለው ከደጃፋቸው ተቀበሉት።

ሰላይ እንዳልሆነ ለማስረዳት ሕገ መንግሥት ጠቀሰላቸው። አንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት ይጠብቃል። ቤቱ ያለ አግባብ አይበረበርም፣ ደብዳቤው አይከፈትም፣ ስልኩ አይጠለፍም። እትየ በጥሞና አዳመጡት። «እኔስ መቼ ስልክ ጠልፌ አውቃለሁ? ራሳቸው እየመጡ ይነግሩኛል እንጂ» አሉ። ፈረንጅ አገር ያለ ባለፈቃድም ቢሆን ከእትየ የተለየ ሥልጣን የለውም። ፖሊስ ነኝ ማለት አይችልም፣ የሰው አጥር መዝለል አይችልም፣ ስልክ መጥለፍ አይችልም። ዋናው ሥራው ሳይታይ ከመንገድ ሆኖ ማየት ነው።

ሳይታዩ ማየት! ደሴ ላይ!

ልጁ ለልምምድ ብሎ ፒያሳ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ጋዜጣ ዘርግቶ ተቀመጠ። ዘንድሮ ጋዜጣ ዘርግቶ የሚያነብ ወጣት ራሱ ወሬ ነው። አምስት ደቂቃ አልሞላም። «አንተ፣ ዓይንህን አመመህ እንዴ?» አለው አንዱ። ሌላዋ አባቱ እንደተሻላቸው ጠየቀችው። ሦስተኛው ምንም ሳይል የሻዩን ሒሳብ ከፍሎለት ሄደ። በመጨረሻ ሲከታተለው የነበረው ሰውዬ ራሱ መጥቶ ወንበር ሳበ። «ወንድምዓለም፣ ብቻህን ምን ትተክዛለህ? ተነስ ምሳ እንብላ» አለው።

ክረምት ሲገባ ሌላ ዘዴ መጣለት። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲያለብሰው ማንም መርማሪውን አያየውም። እሱም ማንንም አያይም። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲከተለው የዋለው ጋቢ የሌላ ሰው ጋቢ ሆኖ ተገኘ።

ሥራው ግን አለ፤ ይህን አልክድም። ሠርግ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ የሙሽራው ጠባይ እስከ ትውልድ ቀበሌው ይጠየቃል። እሱን ግን ሽማግሌዎች በነፃ ይዘውታል። ሰው ገንዘብ የሚከፍልበት ሌላ ነው። የመጀመሪያዋ ደንበኛ ከጅዳ ደወለች። ለዓመታት የሰው ቤት እያጠበች ብር የላከች ልጅ ናት። ወንድሟ ኮምቦልቻ ላይ ቤት እየሠራላት ነው። ፎቶ ይልካል። መሠረት ወጣ፣ ግድግዳ ቆመ፣ ጣሪያ ተመታ፣ ጂ ፕላስ ዋን ሆነ። «ሄደህ በዓይንህ እይልኝ» አለችው።

ሚኒባስ ተሳፍሮ የሐረጎን ቁልቁለት ወረደ። ፈቃድ ባይኖረውም ማየት አልተከለከለም። ቦታው ላይ ያገኘው መሠረት ብቻ ነው። ፌሮዎቹ ዝገዋል፤ አንዱ ፌሮ ላይ ሙክት ታስሯል። ጂ ፕላስ ዋኑም አልጠፋም፤ የጎረቤት ቤት ነው። በፎቶው ላይ የሚታየው ሰማያዊ በርና ጣሪያው ላይ ያለችው ሮቶ እዚያው ናቸው። ወንድምየው ደግሞ ቡና አስፈልቶ፣ ምሳ አሰናድቶ እየጠበቀው ነበር። ሐረጎን ሳይጨርስ ስልክ ተደውሏላ! «ሲሚንቶ እኮ ተወደደ» እያለ ሥጋውን ያጎርሰው ጀመር። ልጁ በላ። ወሎ ውስጥ ምሳ እምቢ ያለ መርማሪ ሁለተኛ ሥራ አያገኝም። ብቻ ምሳውን በላ እንጂ ሪፖርቱን አልበላም። ማታውኑ ቁጭ ብሎ ያየውን ሁሉ ጻፈ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ፎቶውን ከፎቶ አመሳክሮ፣ ሙክቱን ሳይቀር። በቴሌግራም ላከላት።

መልሷ በድምፅ መጣ። «አላህ ያክብርህ ወንድሜ። ቤቱ እንዳልተሠራማ እትየ ዓምና ነግረውኛል። እኔ የፈለግሁት ሽማግሌ ፊት የማቀርበው ወረቀት ነው። ማህተሙ የታል?»

በማግስቱ ማህተም ቀራጭ ዘንድ ሄደ። ሰውዬው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አየውና «ንግድ ፈቃድህን» አለው።