ማስተካከያ፦ ስለ ጎጃም ሰማይ ኦዞን

«በደብረ ማርቆስ ሳተላይት የለካው ኦዞን መሬት ላይ ካለው የአየር ጥራት መለኪያ ጋር ስላልገጠመ ሳተላይቱ ተሳስቷል» ተብሎ የተሰራጨው መረጃ ይታረም። ሁለቱ የለኩት አንድ ነገር አይደለም። መለኪያው የምንተነፍሰውን አየር ይመዝናል፤ ሳተላይቱ ግን ከመሬት እስከ ከባቢ አየር ጫፍ ያለውን ጠቅላላ ኦዞን፣ 90 በመቶ ገደማው ከፍ ብሎ በስትራቶስፌር (ከደመናው በላይ ባለው የአየር ንብርብር) የሚገኘውን፣ በዶብሰን ዩኒት (የጠቅላላ ኦዞን መጠን መለኪያ አሃድ) ይሰጣል። 100 ዶብሰን ዩኒት ኦዞን በ0 ዲግሪ ሴልሺየስና በባሕር ወለል የአየር ግፊት ቢነጠፍ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው! ማመሳከር የሚቻለው የፀሐይን ብርሃን ከመሬት ሆነው ከሚያነቡት የዶብሰን ወይም የብሩወር መሣሪያዎች ጋር ነው። ያኔም ቢሆን ጎጃም የራሱ ጣጣ አለው፦ አንዱ የሳተላይት ነጥብ በርካታ ኪሎ ሜትር ስለሚሸፍን ገደሉንና አምባውን ደባልቆ ያያል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው ጮቄ አናት የተተከለ መሣሪያ ደግሞ ከዓባይ በረሃ ያለውን የታችኛውን አየር ጨርሶ አያገኘውም።