የቱቶሪያል አርበኛ

ደብረ ብርሃን ብርድ አገር ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ። ሌላው ጋቢ ሲደርብ የሰፈራችን ኮደር ላፕቶፑን ታቅፎ ይሞቃል። ሦስት ዓመት ሙሉ ቱቶሪያል፣ ማለትም የማስተማሪያ ቪዲዮ፣ ሲያይ አንድም ቀን ሰልችቶት አያውቅም፤ እግዜር ያጽናው! ብሬንዳን አይክ የሚባለው ሰውዬ በፈረንጆቹ 1995 ጃቫስክሪፕት የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የመጀመሪያ መልክ በ10 ቀን ሠርቶ ተገላገለ። ችኩል! የኛ ልጅ ያንኑ ቋንቋ ለመማር ሦስት ክረምት ከርሟል፣ ገና አልቸኮለም።

አያያዙም ያስቀናል። አስተማሪው «አሁን ቪዲዮውን አቁሙና ራሳችሁ ሞክሩት» ሲል እሱ ፍጥነቱን እጥፍ ያደርገዋል። ኮዱን ገልብጦ ይለጥፋል፤ ከሠራለት «ገባኝ» ይላል። አንድ ቀን 12ኛው መስመር ላይ ቅንፍ ሳይዘጋ ቀርቶ ቀይ ጽሑፍ መጣበት። ጽሑፉ የመስመሩን ቁጥር ሳይቀር ይናገራል፤ ግን ጨዋ ሰው የስህተት መልእክት ያነባል እንዴ? ፎልደሩን አጥፍቶ አዲስ ኮርስ ጀመረ።

የሚያሳዝነኝስ የቅኔ ተማሪ ነው። መምህሩ መንገዱን ካሳዩት በኋላ፣ በዚህ ብርድ ደበሎውን ደርቦ ብቻውን ሜዳ ይወጣል፤ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ተመልሶ መምህሩ ፊት ይቆማል። ከተሳሳተ ይታረማል፤ በማግሥቱ ደግሞ ሌላ ይቆጥራል። የመምህሩን ቅኔ አንድ ሳያስቀር በቃሉ ቢወጣው እንኳ ባለቅኔ የሚለው የለም። ኋላ ቀርነት ማለት ይኼ ነው! እንደኛ ልጅ ብልጥ ቢሆን ኖሮ የመምህሩን ገልብጦ፣ ሰርተፍኬቱን ቴሌግራም ላይ ለጥፎ፣ «እንኳን ደስ አለህ» ይባል ነበር።

አረቄ የሚሸጡት እትዬ ዱቤ የሚይዙት ግድግዳ ላይ በከሰል እየጫሩ ነው። ልጁ «አፕ እሠራልዎታለሁ» ካለ ዓመት አለፈው። ስም፣ ብር፣ ቀን፤ ከዚህ ሌላ ምንም አልጠየቁት። ባለፈው ሳምንት ገና ከበሩ ሲገባ ያዙት።

«የኔ ነገር ከምን ደረሰ?»

«እትዬ፣ ቋንቋ ቀየርኩ እኮ። አሁን ፓይተን ላይ ነኝ።»

«ምነው ልጄ፣ አማርኛው ምን በደለህ?»

አልሳቀም። መለኪያውን ጨለጠና «ያዙልኝ» ብሎ ወጣ። እትዬ ከሰላቸውን አነሡ።