የአርባ ቀን እድሉ አይደለም፣ ተው እንጂ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው። ቅር የሚለው ቅር ይበለው።

ሰው ሥራ ላይ ወድቆ ሲሞት «የአርባ ቀን እድሉ ነው» ማለቱን እንተው። ከመወጣጫው ላይ ጣውላውን ለሌላ ሥራ ያነሳው እድል አይደለም። የግራይንደሩን መከለያ «ሥራ ያጓትታል» ብሎ ፈትቶ መሳቢያ ውስጥ የወረወረውም እድል አይደለም። ሰው ነው። አንዳንዴ አለቃችን፣ አንዳንዴም እኛው ራሳችን።

ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የሚባለው ሕንፃ በ2013 (በፈረንጆቹ) የተደረመሰ ጊዜ፣ ስንጥቁ የታየው ከአንድ ቀን በፊት ነበር። እዚያው ሕንፃ ላይ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን አትምጡ አለ። የልብስ ስፌት ፋብሪካዎቹ ግን ግቡ አሉ። ከ1,100 በላይ ሰው አለቀ። እና የባንኩ ሠራተኞች በሙሉ እድላቸው የተለየ ሆኖ ነው የተረፉት?

ሌላው የሚያናድደኝ «እስካሁን ማን ሞተ?» የምትለዋ ነገር ናት። ሕጉ እኮ ሬሳ አይጠብቅም። ብዙ አገር ጥፋቱ ሰውን ለአደጋ ማጋለጡ ራሱ ነው። የእንግሊዝን የ1974ቱን የሥራ ላይ ጤናና ደህንነት ሕግ እንኳ ብንወስድ፣ ማንም ሳይወድቅ፣ ማንም ሳይቧጨር፣ ጠርዙ ሳይታጠር ሰው ማሠራት ብቻውን ፍርድ ቤት ያቆማል። ለድርጅቱ ጣሪያ የሌለው የገንዘብ ቅጣት አለ፣ ለግለሰብ ደግሞ እስከ 2 ዓመት እስራት። ዳይሬክተሩ እያወቀ ከፈቀደ ወይም ቸል ካለ «ድርጅቱን ክሰሱ» ብሎ አያመልጥም፣ እሱም ይከሰሳል። ተራው ሠራተኛም ቢሆን ራሱንና ባልደረባውን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ኢንሹራንስ አለን የምትሉ ደግሞ፣ ኢንሹራንስ ካሳ ይከፍል ይሆናል እንጂ ማንም ቦታ ገብቶ አይታሰርላችሁም።

እርግጥ ሕጉ ራሱ የሚያሳፍርበት ጊዜ አለ። በ1911 ኒውዮርክ ውስጥ ትራያንግል የሚባል የሸሚዝ ፋብሪካ ተቃጥሎ 146 ሰው ሞተ፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች። 9ኛው ፎቅ ላይ አንዱ መውጫ በር ተቆልፎ ነበር። ሴቶቹ ሲወጡ ቦርሳቸው እንዲፈተሽ በአንድ በር ብቻ ነበር የሚለቀቁት፣ ጨርቅ ይሰርቃሉ ተብሎ። ባለቤቶቹ ተከሰሱ፣ በሩ በዚያች ሰዓት መቆለፉን ማወቃቸው አልተረጋገጠም ተባለና በነፃ ወጡ። ሁለት ዓመት ቆይቶ አንደኛው ሌላ ፋብሪካው ውስጥ በሥራ ሰዓት በር ቆልፎ ተያዘ። ቅጣቱ 20 ዶላር ነበር። ሃያ! ቅጣት እንዲህ ሲያንስ ባለሀብቱ እንደ መብራትና ውሃ ወጪው ውስጥ ይደምረዋል። አሜሪካ ዛሬም ቢሆን፣ በ1970ው የፌዴራል ሕግ ሆን ብሎ ደንብ ጥሶ ሠራተኛ እንዲሞት ያደረገ አሠሪ መጀመሪያ ጥፋቱ ላይ ከስድስት ወር በላይ አይታሰርም።

ግን ሕጉ ላላ ብለን እኛም አብረን እንላላ? አደጋ ደርሶ መርማሪ ከመምጣቱ በፊት ሟቹ ራስ ላይ ሄልሜት የሚያጠልቅ ሰው እኮ ከመካከላችን ነው የሚወጣው። «ቀበቶ ሰጥተነው ነበር፣ እንቢ አለ» ብሎ የሚመሰክረውም እንደዚያው። ሟች አይከራከር! የሟቹ ቤተሰብ ካሳውን የሚያጣው፣ ጥፋተኛው ነፃ የሚወጣው በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሊሆን ይችላል። የምትናገሯት ደግሞ እንጀራችሁ እንዳይቋረጥ ብላችሁ ነው፣ ይገባኛል። ግን ነገ በዚያው መወጣጫ የምትወጡት እናንተ ናችሁ።

እኔም ንፁህ አይደለሁም። አንድ ጊዜ የደህንነት ሥልጠና ወስጃለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ። ሥልጠናው ፊርማው ነበር። እሳት ማጥፊያው የት እንደተሰቀለ እንኳ አላውቅም ነበር፣ ግን ቅጹ ላይ ስሜ ቁልጭ ብሎ አለ። አንድ ነገር ቢፈጠር ያ ወረቀት ለእኔ ሳይሆን ለአለቃዬ ነበር የሚመሰክረው። ስለዚህ ያልሠለጠናችሁትን አትፈርሙ። ሂድና ፈርም የሚል አለቃ ካለም በጽሑፍ ይዘዛችሁ። ብዙ ጊዜ እጁ እስክሪብቶ ላይ ሲደርስ ሐሳቡን ይቀይራል።

ዛሬ ከሥራ ስትወጡ ደግሞ የኋላውን በር አንዴ ገፋ አድርጉት። ካልተከፈተ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠይቁ።