ሻዩንማ ጠጣ

የህንድ ፊልም ነው ስላሉን ዘፈኑንና ጭፈራውን ስንጠብቅ አንድም ሳይጨፈር አለቀ። «አንኩር» ይባላል፣ ቡቃያ እንደማለት ነው። ሺያም ቤኔጋል በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ ነው። መብራቱ ሲበራ ክርክሩ ጀመረ።

ሱሪያ የሚባል የባለመሬት ልጅ ሃይደራባድ ተምሮ ሲጨርስ አባቱ በግድ ወደ ገጠር መሬታቸው ይልከዋል። ቤቱን የምትይዝለት ላክሽሚ ናት (ሻባና አዝሚ)። ባሏ ኪሽታያ መስማትም መናገርም የማይችል፣ ሥራ ያጣ ሸክላ ሠሪ ነው። ልጁ ሻይ አፍዪልኝ ሲላት ከእኔ እጅ እንዴት ብላ ታመነታለች። እሱ በካስት፣ ሰውን በትውልዱ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው የህንድ ሥርዓት፣ አላምንም ብሎ ይጠጣል።

እኔ እዚያች ላይ ቀረሁ። በምጣዷ እንጀራ እየጋገሩ ሠሪዋን «ቡዳ» የሚሉ ሰዎች መሀል ላደገ ሰው፣ ማመንታቷ ከስር የሚሄደውን ጽሑፍ እንኳ አያስነብብም።

«አያችሁ?» አሉ በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼ። «የመንደሩ ካህን እያኮረፈበት ከእጇ በላ፣ ጠጣ። ልጁ ደካማ ነው እንጂ ክፉ አይደለም።»

«ጋሼ ሙት! ሻይ መጠጣት ምን ይከብዳል?» አለች አንዷ። «አብሯት ተኛ፤ ስታረግዝ አስወርጂው አላት። አባቱ እንኳ ለውሽማው መሬት ሰጥቷታል። ይሄኛው ርቧት ሩዝ ስትወስድ ሌባ ነሽ ብሎ ነው የጮኸባት።»

«እኔን ያናደደኝ መጨረሻው ነው» አለ ሌላው። «ትንሽ ልጅ የሱሪያን መስኮት በድንጋይ ሰብሮ ይሮጣል፣ ስክሪኑ ቀይ ይሆናል፣ በቃ! ያን ሁሉ አሳይቶን በልጅ ጠጠር ይገላገላል?»

«ታዲያ ማን ይወርውር? ትልልቆቹማ ቆመው አዩ።»

እኔ ከጋሼ ጋር እስማማለሁ፣ ሱሪያ ደካማ ነው። ግን ኪሽታያም ደካማ ነው፤ ይጠጣል፣ የዘንባባ መጠጥ ሰርቆ ተይዟል። ያኔ ፀጉሩን ተላጭቶ አህያ ላይ ተጭኖ በመንደሩ ዞረ። ከዚያ ጠፍቶ ከርሞ፣ ትንሽ ገንዘብ ይዞ ተመለሰ፤ የሚስቱን ሆድ ሲያይ ልጁ የራሱ መስሎት ደስ አለው። በዚያው ደስታ ሥራ ሊለምን ወደ ጌታው ሄደ። ሱሪያ ደግሞ ሊበቀለኝ መጣ ብሎ ፈራና አስይዞ ገረፈው። ሰውየው «ሥራ ፈልጌ ነው» የሚልበት አንደበት የለውም! የአንዱ ድክመት አህያ ላይ ያስጭነዋል፣ የሌላው ድክመት አለንጋና ያዙት የሚላቸው ሰዎች አሉት። ፊልሙን ያየሁት ለዚህ ይመስለኛል። ድንጋዩም አነሰ አልልም፤ ስሙ ራሱ ቡቃያ ነው።

ይህን ብዬ ስጨርስ ጋሼ ኮታቸውን እየለበሱ ነበር።

«ቢሆንም» አሉ፣ «ሻዩንማ ጠጥቶላታል።»