የትንንሽ ጀልባዎች የባሕር ካርታ ዋጋ የመንግሥት ፖሊሲ ጉዳይ ነው

በእንግሊዝ ጠረፍ በትንሽ ሸራ ጀልባ የሚጓዝ ሰው የባሕር ካርታ የሚገዛው ለብዙ ዘመን አንድ ጊዜ ነበር። ወረቀቱን ከገዛ በኋላ በየሳምንቱ በነፃ የሚወጣውን የመርከበኞች ማስታወቂያ እየተከታተለ፣ ቦታውን የለወጠ ተንሳፋፊ ምልክት ወይም አዲስ የታወቀ አለት ሲኖር በብዕር እያረመ ለዓመታት ይገለገልበት ነበር። አሁን ቦታውን የያዘው ኤሌክትሮኒክ ካርታ ግን በአብዛኛው በየዓመቱ የሚታደስ ፈቃድ ነው። ክፍያው ሲቋረጥ እርማቱ ይቆማል፤ ካርታው ራሱ የሚዘጋባቸው አገልግሎቶችም አሉ። ይህ ክፍያ እያደገ መሄዱ ገበያው ብቻ ያመጣው ነገር ነው ብዬ አላምንም። በሕዝብ ገንዘብ የተለካ የባሕር ጥልቀት ለማን እንደሚገባ መንግሥታት የወሰኑት ውሳኔ ውጤት ነው፤ ስለዚህም ሊለወጥ ይችላል።

በዓለም አቀፍ ጉዞ ላይ የሚሰማሩ ትላልቅ መርከቦች ከ2012 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ደረጃ በደረጃ የኤሌክትሮኒክ ካርታ ማሳያ እንዲይዙ ተገድደዋል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሠልጥነው በውጭ አገር መርከቦች ላይ በኤሌክትሮ ቴክኒክ መኮንንነት የሚያገለግሉ ወገኖቻችን ይህን መሣሪያ በሚገባ ያውቁታል። በሺህ የሚቆጠሩ ኮንቴይነሮችን ለሚጭን መርከብ የካርታ ፈቃድ ከነዳጁና ከወደብ ክፍያው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ወጪ ነው። ለአንድ ጡረተኛ ወይም ከጠረፍ ብዙ ሳይርቅ ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው ግን እንደዚያ አይደለም። እርሱ ለማሳያው መሣሪያ አንድ ካርድ፣ ለታብሌቱ ሌላ ፈቃድ ይከፍላል፤ የመሣሪያውን ዓይነት ከለወጠ ደግሞ የከፈለበት ካርድ በአዲሱ ላይ ላይሠራለት ይችላል።

ከዚህ ጋር የአቅራቢዎቹ ቁጥር ጠብቧል። የጀልባ መሣሪያ የሚሠራው ጋርሚን በ2017 የካርታ ድርጅቱን ናቪዮኒክስን ገዛ። በ2021 ደግሞ የጀልባ ሞተር አምራቹ ብረንስዊክ የጀልባ መሣሪያ አምራቹን ናቪኮን ሲገዛ፣ የናቪዮኒክስ ዋና ተፎካካሪ የሆነው ሲማፕም አብሮ በእጁ ገባ። መሣሪያውንም ካርታውንም አንድ ድርጅት ሲሸጥ፣ ዋጋው አልተስማማኝም የሚል ደንበኛ የሚሄድበት ቦታ ያጥረዋል። እነዚህ ድርጅቶች ለሚያዘጋጁት ፕሮግራምና ለሚጨምሩት መረጃ ማስከፈላቸውን አልቃወምም፤ ብዙዎቹ ሥራቸውን በሚገባ ይሠራሉ። ጥያቄዬ ከሥር ያለው መሠረታዊ መረጃ ለምን ይሸጣል የሚል ነው።

እዚህ ላይ አሜሪካንና ብሪታኒያን ማነጻጸር ብዙ ያስተምራል። የአሜሪካ የጠረፍ ጥናት መሥሪያ ቤት በፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን ዘመን፣ በ1807 ተቋቋመ። ዛሬ ሥራውን የሚመራው የአገሪቱ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር መሥሪያ ቤት፣ ኖአ፣ ኤሌክትሮኒክ ካርታዎቹን ለማንም ሰው በነፃ ይለቅቃል፤ በአሜሪካ ሕግ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች በሥራቸው የሚያዘጋጁት ነገር በአገሪቱ ውስጥ የቅጂ መብት የለበትም። የጀልባ ባለቤቱ ኦፕንሲፒኤን የተባለውን ነፃ ፕሮግራም በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጭኖ፣ መርከቦች የሚጠቀሙበትን ይፋዊ መረጃ ያለ ምንም ክፍያ ማየት ይችላል። ኖአ የተለመደውን የወረቀት ካርታ እንደሚያስቀር በ2019 ሲያስታውቅም፣ ማንም ሰው የሚፈልገውን አካባቢ በሚፈልገው መጠን መርጦ ራሱ የሚያትምበትን መንገድ አዘጋጅቷል። ወረቀቱ ሲቀር መረጃው ለሕዝቡ ክፍት ሆኖ ቆይቷል።

በብሪታኒያ ነገሩ ሌላ ነው። በታውንተን ከተማ የሚገኘው የአገሪቱ ሃይድሮግራፊ መሥሪያ ቤት፣ ማለትም የባሕር ካርታ የሚያዘጋጀው፣ ከ1996 ጀምሮ ከሽያጭና ከፈቃድ በሚያገኘው ገቢ የሚተዳደር የመንግሥት ድርጅት ነው። በካርታዎቹ ላይ የዘውዱ፣ ማለትም የመንግሥቱ፣ የቅጂ መብት አለ፤ መረጃውን ለጀልባ ካርታ የሚጠቀም ድርጅት የፈቃድ ክፍያ ይከፍላል፤ ያ ክፍያ ደግሞ ዞሮ ዞሮ ከጀልባ ባለቤቱ ኪስ ይወጣል። ይበልጥ የሚከነክነኝ ግን ይህ ነው፦ በመንግሥት ገንዘብ ከሚካሄደው የባሕር ወለል ልኬት ብዙው ጥሬ መረጃ በነፃ የሚገኝ ሲሆን፣ ከዚያው መረጃ ተዘጋጅቶ አንድ ጀልባ መሪ በሌሊት ሊያነብበው የሚችለው ካርታ ግን በክፍያ ነው። ጥሬ ቁጥር ለተመራማሪ ይጠቅማል፤ ማዕበል ላይ ላለ ሰው የሚጠቅመው ካርታው ነው።

የመሥሪያ ቤቱ አሠራር የራሱ ምክንያት እንዳለው መካድ አይገባም። ጀልባ የሌለው ግብር ከፋይ የሌላውን መዝናኛ እንዳይደጉም ያደርጋል፤ የሰበሰበውም ገንዘብ ከራሱ ጠረፍ አልፎ በብዙ የዓለም ባሕሮች የሚያገለግሉ ካርታዎችን ለማዘጋጀት ይውላል። ይህ ክርክር ስለ መዝናኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ እቀበለው ነበር። ነገር ግን ከ2002 ጀምሮ በብሪታኒያ የግል ጀልባ መሪዎችም ወደ ባሕር ከመውጣታቸው በፊት ጉዟቸውን እንዲያቅዱ ዓለም አቀፉ የባሕር ደኅንነት ስምምነት ያስገድዳቸዋል፤ ዕቅዱም ተገቢ በሆነ ካርታ ላይ መመሥረት አለበት። መንግሥት ግዴታውን ሲጥል፣ ግዴታው የሚፈጸምበትን መሣሪያ ዋጋ የገዢው የግል ጉዳይ ነው ሊል አይችልም።

ክፍያው የከበደው ሰው የሚያደርገውም የታወቀ ነው፤ ሳያድስ ይቆያል። በቴምዝ ወንዝ አፍ ያሉት የአሸዋ ክምሮች ግን ቦታቸውን ይለዋውጣሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ጀልባ ያሳልፍ የነበረ መተላለፊያ ዛሬ ደልሎ ሊሆን ይችላል። ያልታደሰው ካርታ በስክሪኑ ላይ ከአዲሱ እኩል ጥርት ብሎ ስለሚታይ፣ እንደ አረጀ ወረቀት ተጠቃሚውን አያስጠነቅቀውም። ጀልባው አሸዋ ላይ ሲቀረቀር የነፍስ አድን ሠራተኞች ሕይወታቸውን ለአደጋ አጋልጠው ይወጣሉ፤ ይህን ወጪ በካርታ ሽያጩ ሒሳብ ውስጥ የሚያስገባ የለም።

የብሪታኒያው መሥሪያ ቤት የወረቀት ካርታ ማዘጋጀቱን በ2026 መጨረሻ ገደማ ለማቆም ማሰቡን በ2022 ካስታወቀ በኋላ፣ ተጠቃሚዎች ስጋታቸውን በመግለጻቸው ቢያንስ እስከ 2030 አራዝሞታል። ይህ የተገኘ ጊዜ ነው። ከትላልቅ መርከቦች የሚገኘውን ገቢ ሳይነካ፣ ለንግድ ያልሆኑ ትንንሽ ጀልባዎችና ለጠረፍ ዓሣ አጥማጆች የአገሩን የጠረፍ ውኃ ይፋዊ ካርታ ከነእርማቱ በነፃ የሚሰጥ ፈቃድ ማውጣት ይቻላል። ፈቃዱ መውጣት ያለበትም የመጨረሻው ወረቀት ከመደርደሪያ ከመነሣቱ በፊት ነው።